ሰማያዊ የቀረችው ከረጢት

በእኛ ብሎክ የደም ውሃ ብቻውን አይተኛም።

ሕጉ እንዲህ አይልም። ሕጉ የሚለው ማሽኑ ራሱን ይቆጣጠራል ነው። ነገር ግን ማሽኑ በመጣ በሳምንቱ የእድራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ሬሳ እንኳ ብቻውን አናሳድርም፤ የሕያው ሰው ደም ከብረት ጋር ይዘጋበት?» አሉና ወሰኑ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ከረጢቶቹ መብራቱ ሥር በተኙ ቁጥር አንድ ነዋሪ በተራው አጠገባቸው ይቀመጣል። ሃያ ደቂቃ ነው። ተቀማጩ ከረጢቶቹን በእጁ ትሪው ላይ ይደረድራል፤ ሲያበቃ አውራ ጣቱን ማሽኑ ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑም አረንጓዴ ያበራል። አንዳንዱማ ከልማድ ብዛት ሲወጣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ይሳቅበታል።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከክሊኒኩ ጎን። መብራቱ ቀይ ስለሆነ ቀይ ቤት እንለዋለን። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ቀይ አምፖል የሚበራበት ቤት ሌላ ሥራ ነበረው አሉ። አሁን ግን አዳማ ውስጥ ቀይ ቤት የሌለው ብሎክ እንደ ሰነፍ ብሎክ ነው የሚታየው።

ሐኪሞቹ ፕላዝማ ይሉታል። ቀዩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው፣ የተነጠረ ቅቤ መልክ ያለው ውሃ ነው። ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ቀዩ መብራት ሥር ይተኛል፤ ሲነሣ ሰማያዊው ገርጥቶ ወደ መልኩ ይመለሳል። በዚህ መሀል ውስጡ ያለው ቫይረስ ያልቃል። እንዴት እንደሚያልቅ አትጠይቁኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ሥራዬም የብሎኩን የውሃ ፓምፕ መጠበቅ ነው። ውሃ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ እንጂ እንዴት እንደሚጠራ አልተማርኩም።

ጥያቄ የቀረው በ2057 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ደም የሚሰጥ ሰው ይጠየቅ ነበር፤ ምን ታመህ ታውቃለህ፣ ከማን ጋር ተኝተሃል፣ የት አገር ደርሰህ መጣህ። ደሙም ይመረመር ነበር። ብርሃኑ ሲመጣ ሁለቱም ቀሩ። የሚሞትን ነገር ስሙን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ስምህ ደረጃው ላይ፣ ከውሃ ተራው ዝርዝር ጎን ይለጠፋል። ወርደህ ክንድህን ትዘረጋለህ። ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ» ይልሃል። ሦስት ሩብ ሰዓት ግድግዳ ታያለህ፣ ብስኩትህን በልተህ ትወጣለህ። ከረጢቱ ላይ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ይጻፋል፤ ይህንንም የጨመሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ምርቃቱ መንገድ እንዳይስት። ከስም በላይ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ይህ ዘመን እኔን የተመቸኝን ያህል ማንንም አልተመቸው። ደሜ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ለሥራ ስመረመር ነው የተነገረኝ፤ ከሟች ባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያኔ ደም ልስጥ ብል ኖሮ በትህትና በር ያሳዩኝ ነበር። ለዚህ ነው ከረጢቴ ከመብራት ስትወጣ ሁልጊዜ ወርጄ የማያት። ሰማያዊው ሲሄድ ያ ነገርም አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል። ለዚያች ቀን ከጎረቤቶቼ እኩል ሰው እሆናለሁ።

ያን ቅዳሜ ከረጢቴ የትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ የእትዬ ፌቨን የልጅ ልጅ ናት። መቼም የዛሬ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መውሰድ ፋሽን ሆኖባቸዋል፤ ፌቨንና ኪሩቤል የሚባለው እንደኛ ያረጀው ብቻ ነው። ትርንጎ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ የስምንት ወር እርጉዝ። ደሟ ያለ ቦታው የሚረጋ ሕመም ያዛት። በየሳምንቱ የሰው የደም ውሃ ካልገባላት እሷም ጽንሱም እንደማይቆዩ ሐኪሞቹ ተናግረዋል። የዚያ ሳምንቱ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ማለፍ የለበትም ተብሏል። በብሎካችን ደሙ የሚገጥማት የሦስት ሰው ነው፤ የሁለቱ ባለፉት ሳምንታት ገብቶላታል፣ የእኔ ተራ ደረሰ። መብራቱ ጋ የመቀመጡ ተራ ደግሞ፣ ዝርዝሩ እንደጣለው፣ የራሳቸው የእትዬ ፌቨን ሆነ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወረድኩ። እትዬ ፌቨን ጨርሰው ከቀይ ቤት በር ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

«ጨረሱ እንዴ?» አልኳቸው።

«ጨርሻለሁ፣ አረንጓዴ ብሏል። ደግሞ ልትሸኛት መጣህ? ስድስተኛ ፎቅ ውሃ የለም፣ አንተ እዚህ ከረጢት ትሸኛለህ።»

«ስድስተኛ ፎቅ ገላ መታጠብ አበዙ እትዬ። ትንሽ ይቆዩ ብዬ ነው።»

ሲስተር ማንጠግቦሽ ትሪውን ይዛ ወጣች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። ብቻ እንደ ዘመኗ ልጆች ከረጢት አታይም፤ አረንጓዴ ነው የምታየው። ቀይ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ሁሉ ጥቁር ስለሚመስል የከረጢቱ መልክ የሚታወቀው ነጭ መብራት ላይ ሲወጣ ነው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አራት ከረጢት። ሦስቱ የቅቤ መልክ ይዘዋል። አራተኛዋ እንደ ተማሪ ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ ናት። ስሙን አነበብኩ። ከኪሩቤል፣ ለትርንጎ።

«ሲስተር፣ ይቺ ምን ሆና ነው?»

«ምን ሆነች?»

«አልገረጣችም።»

ሲስተር ከረጢቷን ሳይሆን ማሽኑ የሚጽፍበትን ሰሌዳ አየች። «ሃያ ደቂቃ፣ ሙሉ ብርሃን፣ አረንጓዴ። ምንም የለባትም ጋሼ።»

«ያጠገቧ እኮ ገርጥታለች።»

«የሰው ደም አንድ አይደለማ። ምን በሉ ትናንት?»

«ጎመን።»

«በቃ ጎመኑ ነው» አሉ እትዬ ፌቨን ከበሩ። ሳቁም። ግን አሳሳቃቸው ፈጠን ያለ መሰለኝ።

ጎመን አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደርግ ጎመን በልቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ አየኋት። እያንዳንዱ ከረጢት ጫፉ ላይ በሙቀት የተዘጋች፣ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን ቱቦ አለችው፣ ጭራ የምንላት። ያችም ውስጧ ከዚያው ውሃ አለ፤ ግን ተዘግታለች፣ ከሆድ ካለው ጋር አትቀላቀልም። የእኔዋ ከረጢት ሆዷ ሰማያዊ ነው። ጭራዋ ግን እንደ ሌሎቹ ገርጥታለች።

ይህ ነገር ገረመኝ። ፈራሁ ብል እዋሻለሁ፤ ያኔ ገና ገርሞኝ ነበር። ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል፤ ውሃው አራተኛ ፎቅ ደርሶ አምስተኛ ካልደረሰ፣ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። ብርሃኑ ጭራዋ ጋ ደርሷል። ሆዷ ጋ አልደረሰም። እንግዲህ በመካከል የቆመ ነገር አለ ማለት ነው። ማሽኑ አምፖሎቹን እንጂ ከአምፖሉና ከከረጢቱ መሀል ያለውን አያይም።

ቀና ስል እትዬ ፌቨንን አየኋቸው። ራሳቸው ባዶ ነው።

ሃያ ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ፀጉራቸውን አይቼ አላውቅም። ነጭ ሻሻቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሁለቴ ታጥፏል፤ እጥፋቱም አልተዘረጋም፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ልክ የከረጢት ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።

ገባኝ። እኛ አገር ለእንግዳ ዓይን የማይሰጥ ነገር አለ። ሊጥ ይሸፈናል፣ ወተት ይሸፈናል፣ አራስ ልጅ ይሸፈናል። የሚወዱትን ነገር ገልጦ ማስቀመጥ ዓይን መጥራት ነው። ሌሎቹን ሦስቱን እንዳሉ ደርድረዋቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ግን ጠቀለሏት፤ በሻሻቸው፣ ሁለት እጥፍ አድርገው፤ ጭራዋ ብቻ ከጨርቁ ውጪ ቀረች።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትርንጎ ሳይሆን ስለ እትዬ ፌቨን ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው። በሲስተር ፊት እንዴት ላዋርዳቸው?

«ሲስተር» አልኩ፣ «ይቺን ከረጢት ይቅርባት። ሐሙስ ስሰጥ ደህና አልነበርኩም። ጥሬ ሥጋ በልቼ ነበር።»

«ብርሃኑ ጥሬ ሥጋ አይፈራም።»

«አረቄም ነበረበት።»

«ጋሼ ኪሩቤል፣ እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጠጡት?»

«ሐሙስ ነው የጀመርኩት።»

ሲስተር ሳቀች፤ ከረጢቷንም አንሥታ ወደ ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ መሄድ ጀመረች። በሰሌዳው ዘንድ ነገሩ አልቋል። አረንጓዴ የበራላትን ከረጢት ማስቀረት የሚቻለው ምክንያት ሲጻፍ ብቻ ነው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ጥያቄው ከቀረ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ ያ ሰማያዊ ውሃ ትርንጎ ክንድ ውስጥ ይገባል፤ እኔም እገባለሁ፣ ከነያዝኩት።

«ሲስተር፣ ቁሚ» አልኩ። «ደሜ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ያቺ ከረጢት ብርሃን አላገኛትም። አታስገቢባት።»

ሲስተር ከረጢቷን እንደያዘች ቆመች፤ መጀመሪያ የእኔን ፊት፣ ቀጥላም ለመጀመሪያ ጊዜ ከረጢቷን አየች።

«ብርሃን እንዳላገኛት በምን አወቁ?» አለች።

ወለሉን አየሁ። የእትዬ ፌቨን ወንበር ተንቋቋ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ሻሹን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ እንደ ማስረጃ። «ሸፈንኳት። የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍባት መሰለኝ። ደሞ ያ መብራት ራሱ... ቀይ ዓይን ነው የሚመስለው። ልጄን አፍጥጦ ሲያያት አልቻልኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ኪሩቤል። ሃያ ስድስት ዓመት?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ቤት ስትበላ ስትጠጣ?»

«አዎ።»

«አፍህን ዘግተህ?»

«እርስዎስ ለማን ነግረው ነው የሸፈኑት?» አልኩ። በዚህ ሰዓት መቀለዴ እኔንም ገረመኝ። አልሳቁም። ሻሹንም ራሳቸው ላይ አልመለሱትም።

ሲስተር የከተማውን የደም ማዕከል ጠራች። ማዕከሉ ሌላ ከረጢት በሰማይ ሊልክ ይችላል፣ ግን የሚገጥማት አዳማም ቢሾፍቱም የለም፤ ከሐዋሳ ሲመጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ወይም የእኔዋ ደግማ ትብራ። የበራች ከረጢት ደግማ ብትበራ ውሃው ይደክማል፤ ይቺ ግን አልበራችም፣ ጭራዋ ምስክር ናት። ማዕከሉ የጭራዋን ምስል ተቀብሎ አየና፣ የሰጪው ቃል ከተጻፈና ተቀባይዋ ከፈቀደች ይቻላል አለ። ያ ያልተከፈተ ቦታ ተከፈተ። ሲስተር «የጉበት ቫይረስ» ብላ ስትጽፍ ሰሌዳው ቃሉን አላወቀውም፤ ሁለት ጊዜ «ምን ለማለት ፈልገው ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ትርንጎ ስድስት ሰዓት ላይ ሆዷን አስቀድማ ወረደች። ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ክንዷ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ሁሉንም እኔው ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አንተ ጋሼ ኪሩ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ለስንት ሰው ሰጥተሃል?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ።»

«ሁሉም በርተው?»

«አንድ በአንድ ወርጄ አይቻቸዋለሁ።»

«እንግዲህ በዚህ ብሎክ የደሙን መልክ የሚያይ አንተ ብቻ ነህ ማለት ነው» አለች። «ሐዋሳ ያለው ሰውዬ ምን እንዳለበት ማንም አይነግረኝም። ያንተን አውቄዋለሁ። ያንተን አብሩልኝ።»

እትዬ ፌቨን፣ «ልጄ፣ እስከ አሥራ ሁለት ብንጠብቅስ?» አሉ።

«እማማ፣ እሱን ነው ወይስ ሰዓቱን ነው የፈራሽው?»

ትርንጎ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

ለሁለተኛ ጊዜ ከረጢቷን የደረደሩት እትዬ ፌቨን ናቸው፤ ሲስተር ሌላ ሰው ይቀመጥ ብትልም፣ «ተራው የኔ ነው» ብለው። ራሳቸው ባዶ፣ ሻሹ ውጪ ወንበሩ ላይ ቀርቶ፣ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ቁጭ አሉበት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አይዋት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሰማያዊው ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለን ጥቁር ነገር ነው ያየነው። ስትወጣ ግን ቅቤ መስላለች። ሲስተር አረንጓዴውን ትታ ከረጢቷን ከፍ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየቻት፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እንደዚያው ታያለች።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባላት። ማታ ነጠብጣቦቹ መደብዘዝ ጀመሩ፤ በሳምንቱ የሚገጥማት ሌላው ጎረቤት ተራ ደረሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመረምሯት ከእኔ የተጋባባት ነገር አልተገኘም፤ ከወር በኋላም ደገሙት፣ አልነበረም።

ስለ እኔ ግን ወሬው ከውሃው ቀድሞ ስድስተኛ ፎቅ ደረሰ።

ክፉ ነገር ያደረገኝ የለም። ሊፍት ውስጥ ቦታ በዛልኝ እንጂ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው፣ ድሮ እስከ እኔ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ስለ ልጇ ጋብቻ የምታጫውተኝ ሴትዮ፣ አሁን የፎቁን ቁጥር ትቆጥራለች። ሲስተር በሰላምታም፣ በአብሮ መብላትም፣ በምራቅም እንደማይተላለፍ ለብሎኩ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ተናግራለች፤ ሊፍቱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የለም። እድሩ ሁለት ነገር ለውይይት አቀረበ። አንደኛው «ማንኛውም ተቀማጭ ሻሽ፣ ነጠላ፣ ጋቢ ይዞ ቀይ ቤት አይግባ» የሚል ነው፤ በጭብጨባ አለፈ። ሁለተኛው «ጥያቄው ይመለስ» የሚል ነው። ማን እንዳቀረበው አልጽፍም፣ ነገ ቧንቧው ሲበላሽ የሚጠራው እኔን ነው። ብዙ ሰው ተናገረ። እትዬ ፌቨን መጨረሻ ላይ ተነሡ።

«ጥያቄ ቢኖር ኖሮ» አሉ፣ «ይሄ ሰውዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይሰጥም ነበር። ሳይጠየቅ የተናገረ እሱ ነው። ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔን የሚጠይቅ ወረቀት ካላችሁ አምጡ።»

ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እስከ ዛሬ እንደተቀጠረ ነው።

ትርንጎ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ብሎኩ ሁሉ እየተንጋጋ ጠየቀ። እኔ ፓምፕ ቤቱን አጸዳሁ። እንደገና አጸዳሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ።

«ፓምፑ ነው እንዴ የወለደልህ?» አሉ እትዬ ፌቨን። ነጭ ሻሻቸው ራሳቸው ላይ የለም። «እንግዳው ሁሉ አልቆ አንተን እንጠብቅ?»

ተከትያቸው ወረድኩ። እበሩ ጋ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ትርንጎ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ሳቀችብኝ፤ ከንፈሯ ቀልቷል። ሕፃኗ አጠገቧ ናት፤ ፊቷ ተሸፍኗል። ያ ነጭ ሻሽ ነው። አወቅኩት፣ የእጥፋቱ መስመር ገና አልጠፋም።

የአራስ ልጅ ፊት ለማን እንደሚገለጥ ሁላችንም እናውቃለን። እናት ታያለች፣ አያት ታያለች። ሌላው ሰው ጨርቁን አይቶ መርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ከተቀመጥኩበት፣ ጨርቁን እያየሁ፣ «እደጊ፣ ተመንደጊ» አልኩና ልነሣ ስል እትዬ ፌቨን ሕፃኗን አንሥተው መጡ። ፊት ለፊቴ ቆሙ። ሻሹን በሁለት ጣት ይዘው ገለጡት።

«እያት» አሉኝ።

ቀይ፣ የተጨማደደች፣ ትንሽ የተቆጣች ፊት ናት።

«ደረቅ ምርቃት ማን አስተማረህ?» አሉ። «እትፍ በልባት እንጂ።»

እትዬ ፌቨንን አየኋቸው። ትርንጎን አየኋት። ሁለቱም ይጠብቃሉ።

«እትፍ» አልኩ፣ በቀስታ።

ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠችና አፍጥጣ አየችኝ።